የጅሬን ሰገነት፦ አባ ጅፋር ከነቤተሰባቸው ትርኢት ያዩበት ግቢ

የበዓል ሰሞን ሲቃረብ የሚነሳው ጥያቄ አይቀየርም፤ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወጥቶ ትርኢት እያየ የሚውልበት ቦታ የት ነው? ለአዲስ አበቤ መልሱ አይጠፋም። ቦሌ አካባቢ ቦራ መዝናኛ አለ፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ቅጥር ግቢ የተከፈተው አንድነት ፓርክ አለ። ጥያቄው ከጅማዎቹ የጊንጆና የሄርማታ ሰፈር ሰዎች ሲመጣ ግን መልሱ ያለው በታሪክ ውስጥ ነው። ጅማ ለቤተሰብ ትርኢት ማያ ተብሎ የተሠራ ሰገነት ነበራት። ዛሬም አላት።

ሰገነቱ ያለው ከከተማው መሐል ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኘው የጅሬን ኮረብታ፣ በዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው። የንጉሡ ታሪክ ለአንባቢ አዲስ ስላልሆነ ባጭሩ እንለፈው። ጅማ ከሊሙ እናርያ፣ ከጎማ፣ ከጉማና ከጌራ ጋር ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዷ ነበረች። ዳግማዊ አባ ጅፋር በወጣትነታቸው ዙፋን ላይ ወጥተው እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ቆዩ። እናታቸው ገኔ ጉሚቲ ብልህ አማካሪ እንደነበሩ ይነገርላቸዋል። አባ ጅፋር ከምኒልክ ጋር ጦር ከመማዘዝ ይልቅ ግብር መክፈልን መረጡ፤ በዚህም ጎረቤቶቻቸው ያጡትን የውስጥ አስተዳደር ነፃነት ለረጅም ዘመን ይዘው ዘለቁ።

ሀብታቸው የመጣው ከንግድ ነው። የሄርማታ የሐሙስ ገበያ እስከ 30 ሺህ ሰው ይገኝበት እንደነበር ተጽፏል። ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ማሩና ወርቁ በዚያ ያልፍ ነበር። ሊሸፈን የማይገባው ደግሞ ባሪያም መሸጡ ነው፤ የጅሬን ድምቀት ይህ ጥላ አለበት።

ቤተ መንግሥቱ ግን ያምራል። ዋናው ቤት ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት ሥራ ነው። ግቢው የቤተሰቡ መስጊድ አለው። ከዋናው ቤት ፊት ለፊት የቆመው ሌላው ሕንፃ ምድር ቤቱ ችሎት ነበር ይባላል፤ ከላይ ያለው ሰገነት ደግሞ ንጉሡ፣ ቤተሰባቸውና እንግዶቻቸው ተቀምጠው ከታች በሜዳው የሚካሄደውን ትርኢት ያዩበት ነው። ክርክሩም የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ምን ነበር የሚያዩት?

ለጎብኚ የሚነገረው አንደኛው ትረካ ጆሮ ይስባል። በዚህ ሜዳ ጉልበተኞች እንደ ጥንቷ ሮም ግላዲያተሮች ይፋለሙ ነበር፤ ንጉሡም ከላይ ሆነው አሸናፊውን ይለዩ ነበር ይላል። ቁመታቸው ሁለት ሜትር ይደርስ ነበር ለሚባልላቸው ንጉሥ እንዲህ ያለ ወሬ ልክ ሆኖ ይገጥማል። የውጭ አገር ጎብኚም ፊልም ላይ ያየውን እያስታወሰ በቀላሉ ይቀበለዋል።

ሁለተኛው ትረካ ዝግ ያለ ነው። በሜዳው የነበረው ባህላዊ ስፖርትና የበዓል ዘፈን ነው ይላል። ትግል የገጠመ ይወድቃል፣ አቧራውን አራግፎ ይነሳል፤ ዘፋኙ ያዜማል፣ ጎበዙ ይጨፍራል፤ ከላይ ያለው ቤተሰብም ይስቃል፣ ያጨበጭባል።

ቦታውን ልብ ብሎ ላየ ሰው ሁለተኛው ይበልጥ ያሳምናል። ችሎቱና የትርኢቱ ማያ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው፤ ባለጉዳይ አቤት የሚልበት ደጃፍ፣ የቤተሰብ መስጊድም ያለበት ግቢ ሰው የሚገዳደልበት ሜዳ ነበር ማለት ይከብዳል። በሌላ በኩል የአባ ጅፋር መንግሥት ገቢ የተንጠለጠለው በነጋዴ ላይ ነበር። ከሩቅ አገር ሸቀጡን ጭኖ የመጣ ሲራራ ነጋዴ መንገዱ ሰላም፣ ፍርዱም ትክክል መሆኑን ማየት ይፈልጋል። እንግዳ ተቀብሎ ከቤተሰብ ጋር ሰገነት ላይ ማስቀመጥ፣ ከታች ደግሞ ትግልና ጨዋታ ማሳየት፣ ለእንዲህ ያለው ነጋዴ ንጉሥ ከደም ትርኢት የበለጠ ያተርፋል። ንጉሡ ያስፈራሩ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ማስፈራሪያ ካስፈለጋቸው ግን ችሎቱ እዚያው ከሥር ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የጅማ ትርኢት ታሪክ እንደ ጅሬኑ አይፈካም። ንጉሡ ባረፉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጣልያን ገባ። ጅማን የአስተዳደር ማዕከል አደረጋት፤ ሕንፃ ሠራ፣ ሲኒማ ቤትም ተከለ። ሕዝቡ ከሜዳ ወደ ጨለማ አዳራሽ ገባ። የትግሉም የዘፈኑም ጨዋታ ግን ከሠርግና ከበዓል ጋር ቀጠለ እንጂ አልሞተም።

ልጆች አደባባይ ወጥተው በአካል ትርኢት የሚያሳዩበት ሌላ ዘመን የመጣው በ1980ዎቹ ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው ሰርከስ ኢትዮጵያ ወደ ክልል ከተሞች ሲሰፋ ጅማም የራሷን ሰርከስ አገኘች። ልጆቹ ሲገለባበጡ፣ እርስ በርስ ትከሻ ላይ ሲቆሙና ኳስ ሲያቀባብሉ ሕዝቡ በየአደባባዩ ተሰብስቦ አይቷል፤ በትርኢቱ መሐል ስለ ኤችአይቪ መልእክት ይተላለፍ ነበር። ሰርከስ ኢትዮጵያ በውጭ አገር ጉዞዎቹ ስም ቢያተርፍም እ.ኤ.አ. በ1998 15 አባላቱ አውስትራሊያ ላይ ጥገኝነት ጠየቁ፤ በአመራሩ ላይ የቀረበው ከባድ ክስም ቡድኑን አናጋው። ሙያው ግን አልጠፋም። ወንድማማቾቹ ቢቢና ቢቹ ያቋቋሙት ሰርከስ አቢሲኒያ እ.ኤ.አ. በ2017 «የኢትዮጵያ ሕልሞች» የተሰኘ ትርኢቱን ኤድንብራ ላይ አሳይቷል፤ ኋላም በደራርቱ ቱሉ ሕይወት ላይ የተመሠረተ ሥራ አቅርቧል። በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚገኝ የውጭ አገር ቤተሰብ ቲኬት ቆርጦ የኢትዮጵያን ልጆች ጥበብ ያያል።

በእነዚህ ዓመታት የጅሬን ቤተ መንግሥት ታድሷል። አስጎብኚው ክፍሎቹን ያሳያል፤ ጎብኚው ፎቶ ያነሳል፤ ከዚያ ይመለሳል። ይህ ብቻ ለአንድ ቤተሰብ የአንድ ቀን መዋያ አይሆንም። ልጅ የሮጠ ፈረስ፣ የተገለበጠ ወጣት፣ የተያያዘ ታጋይ ማየት ይፈልጋል እንጂ ባዶ ሜዳ አይስበውም። ከተማዋ ደግሞ ሁሉም አላት፤ ዘፋኝ አላት፣ ፈረሰኛ አላት፣ በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ የወሰደው የእግር ኳስ ክለቧም የንጉሡን ስም ይዞ ይጫወታል።

ስለዚህ የጅማ ከተማ አስተዳደርና የባህል ቢሮው አንድ ነገር ቢያስቡ መልካም ነው። ቢያንስ በበዓላትና በሰንበት፣ ቅርሱን በማይጎዳ መልኩ፣ በጅሬን ሜዳ ትግል፣ ፈረስ ጉግስ፣ ዘፈንና የወጣት ሰርከስ ይታይ። መግቢያው የጊንጆ ቤተሰብ ከነልጆቹ ሊከፍለው የሚችል ይሁን፤ ከገቢው ድርሻም ለተጫዋቾቹና ለሕንፃው ጥገና ይዋል። ትርኢት የሚታይበት ሰገነት ያለው ከተማ ትርኢት ሊያጣ አይገባም።