ዳኝነት በመረብ ጨዋታዎች ውስጥ፤ ከ«ላምዳሙ» ወዲህ

በኮምፒዩተር መረብ አማካይነት ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚሳተፉባቸው ጨዋታዎች ከተስፋፉ ወዲህ፣ በተጫዋቾች ላይ የሚደርሰው ስድብ፣ ዛቻና ትንኮሳ የወላጆችንና የመምህራንን ትኩረት የሳበ ጉዳይ ሆኗል። ችግሩ ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ይታያል። ይሁን እንጂ አጥፊውን ማን ይዳኘው የሚለው ጥያቄ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአንድ አነስተኛ የጨዋታ ማኅበር ውስጥ ተነሥቶ ብዙ አከራክሯል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ገበጣ የሚጫወቱ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ይተያያሉ። አንዱ ቢሳደብ ተመልካቹ ይገሥጸዋል፤ በማግሥቱም በሰፈሩ ይነገርበታል። የመረብ ተጫዋች ግን በተውሶ ስም ስለሚገባ፣ የበደለውን ሰው ፊት አያይም። ከዚህ ዓይነት ጨዋታዎች ቀደምት የሆነው «መድ» በ1978 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ በሮይ ትረብሾ ተጀምሮ በሪቻርድ ባርትል የተስፋፋ ሲሆን፣ ሥዕል የሌለው፣ ሁሉ ነገር በጽሑፍ የሚካሄድበት ነበር። በ1986 በአሜሪካ ሉካስፊልም የተባለው ኩባንያ በሞከረው «ሀቢታት» ውስጥ ተጫዋቾች እርስ በርስ መዘራረፍና መገዳደል ጀመሩ። በኑሮው የግሪክ ኦርቶዶክስ ካህን የነበረ አንድ ተጫዋች በጨዋታው ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አቋቁሞ፣ ተከታዮቹ መሣሪያ እንዳይዙና እንዳይሰርቁ ከለከለ። ሌሎቹ ደግሞ ሥርዐት አስከባሪ ሹም በድምፅ መረጡ።

«ላምዳሙ»ን በ1990 ያቋቋመው በካሊፎርኒያ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማእከል ይሠራ የነበረው ፓቬል ከርቲስ ነው። ተሳታፊዎቹ በሰፊ ቤት አምሳል በተዘጋጀ የጽሑፍ ዓለም ውስጥ እየተገናኙ ይነጋገራሉ፤ ፕሮግራም እየጻፉ ዕቃ ይሠራሉ፣ ክፍል ይጨምራሉ። አስተዳዳሪዎቹ «ዊዛርድ»፣ ማለትም አስማተኛ፣ ይባሉ ነበር። ጠብ እየበዛ ሲሄድ በከሳሽና በተከሳሽ መካከል መፍረዱ ታከታቸው። ከዚህም የተነሣ ከርቲስ በ1992 መጨረሻ፣ ዊዛርዶች ከዚያ በኋላ የቴክኒክ ሥራ ብቻ እንደሚሠሩና ማኅበራዊው ጉዳይ ለተሳታፊዎች እንደሚተው አስታወቀ። ዳኛው ከወንበሩ ተነሣ፤ በምትኩ የተቀመጠ ግን አልነበረም።

በመጋቢት 1993 «ሚስተር ባንግል» በሚል ስም የገባ ተሳታፊ፣ ሌሎች ያላደረጉትን እንዳደረጉ አስመስሎ የሚያጽፍ ፕሮግራም ተጠቅሞ፣ ብዙ ሰዎች በተሰበሰቡበት ክፍል በሌሎች ገጸ ባሕርያት ላይ የወሲብ ጥቃት ሲፈጽም አመሸ። በማንም አካል ላይ ጭረት አልደረሰም። ሆኖም ነገሩን በዚያው ዓመት በኒው ዮርኩ «ቪሌጅ ቮይስ» ጋዜጣ የዘገበው ጁሊያን ዲብል እንዳስረዳው፣ ከተበዳዮቹ አንዷ የተቃውሞ ጽሑፏን ስትጽፍ እንባዋ ይወርድ ነበር። «ጨዋታ ብቻ ነው» የሚለው መከራከሪያ ከዚህ በኋላ ብዙ የሚያስኬድ አይደለም።

ሠላሳ ያህል ሰዎች ተሰብስበው ለሦስት ሰዓት ያህል ተከራከሩ። አንዳንዶቹ ይባረር አሉ፤ ሌሎቹ ሕግ ሳይወጣ ቅጣት ከየት ይመጣል ሲሉ ጠየቁ። ሽማግሌዎች የተቀመጡበት ነገር ቢያንስ ቀጠሮ ይያዝለታል፤ ይህ ሸንጎ ግን ያለ ውሳኔም ያለ ቀጠሮም ተበተነ። በዚያው ምሽት አንድ ዊዛርድ በራሱ ፈቃድ ብቻ ባንግልን ከመዝገብ ሰረዘው። የተሰረዘውም ብዙ ሳይቆይ በሌላ ስም ተመልሶ ገባ።

ከርቲስ ከዚህ በኋላ ተሳታፊዎች ሐሳብ አቅርበው ድምፅ የሚሰጡበትንና ዊዛርዶች የተወሰነውን የሚያስፈጽሙበትን ሥርዐት ዘረጋ፤ የግልግል ዳኞችም ተመደቡ። በ1996 ግን ዊዛርዶቹ የቴክኒኩን ሥራ ከማኅበራዊው ለይቶ መያዝ እንዳልተቻለ ገልጸው ወደ ውሳኔ ሰጪነታቸው ተመለሱ። የባንግልን ታሪክ ላስተዋለ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። አንድ ፕሮግራም ምን እንዲሠራ ይፈቀድለት ብሎ መወሰን፣ ሰው በሰው ላይ ምን ያድርግ ብሎ መወሰን ነውና።

ይኸው ጥያቄ እጅግ በሰፋ መጠን የተመለሰው በ2009 ራዮት ጌምስ የተባለው ኩባንያ ባወጣው «ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ» ነው። ኩባንያው በ2011 ተጫዋቾች ራሳቸው የክሱን መዝገብ አንብበው የሚፈርዱበትን ሸንጎ አቋቋመ፤ ሸንጎው በ2014 ተቋረጠ። የኩባንያው ተመራማሪዎች ያገኙት ውጤት ግን ለትምህርት ባለሙያ ከሸንጎው ይልቅ ይጠቅማል። ዘወትር ነውረኛ የሆኑት ተጫዋቾች ከመቶ 1 ያህል ሲሆኑ፣ ከጠቅላላው ነውረኛ ንግግር የእነርሱ ድርሻ ከመቶ 5 ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረው የሚመጣው በሌላ ቀን ጨዋ ከሆነው፣ በዚያች ሰዓት ግን ከተናደደው ተጫዋች ነበር። ባለጌዎቹን ለይቶ በማባረር ብቻ የቀረው 95 እጅ አይነካም ማለት ነው። በመሆኑም ኩባንያው በተቃራኒ ቡድኖች መካከል የሚደረገውን ንግግር ዘግቶ፣ መነጋገር የፈለገ ራሱ እንዲከፍተው አደረገ። የሚለዋወጡት መልእክት ብዛት አልቀነሰም፤ ነውረኛው ንግግር ግን ከ30 በመቶ በላይ ቀነሰ።