አህያና መንኰራኵር በጌዴኦ ምድር

በአውሮፓ ተጓዥ ተዋንያን ልብሳቸውንና መጋረጃቸውን በጋሪ ጭነው፣ ፈረስ ወይም አህያ እየጎተተላቸው ከገበያ ወደ ገበያ ይዞሩ ነበር። የኢትዮጵያ አዝማሪ ግን የሚሸከመው ባለ አንድ አውታር ማሲንቆ ብቻ ስለ ሆነ፣ ከሠራዊት ጋራ ሲዘምትም ሆነ ለሠርግ ሲጠራ ጋሪ አላስፈለገውም። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሥርቶ መድረክና ብዙ ዕቃ የሚጠይቅ ጨዋታ ሲለመድ ደግሞ የጭነት መኪና ቀድሞ ደርሶ ነበር። ስለዚህ የአህያን ድካም የሚመረምር ሰው ከተዋንያን ሠረገላ ይልቅ ወደ ቡና መንገድ መመልከት ይኖርበታል፤ ከእነዚህም መንገዶች አንዱ ወደ ዲላ የሚወርደው ነው።

ጋሪ በሀገራችን ዘግይቶ መለመዱን የድንቁርና ምልክት አድርገው የሚቈጥሩ አሉ። ይህ ፍርድ ምድሩን ያልተመለከተ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በመንኰራኵር ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ፣ አስቀድሞ ገደሉን መናድና መንገዱን መጥረግ ግድ ሆኖባቸዋል፤ ጉዞውም ወራት ፈጅቷል። መንኰራኵር ታውቆ ነበር፤ የጠፋው መንገድ ነው።

ጌዴኦም እንዲሁ ነው። ምድሩ ከስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከዐባያ ሐይቅ አቅጣጫ ካለው ቆላ እስከ ቡሌ ደጋ ይወጣል። በቁልቁለቱ ላይ እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፎች ተደባልቀው ይበቅላሉ፤ ዩኔስኮም ይህን መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በዛፎቹ መካከል የሚያልፈው ጠባብ መንገድ በዝናም ጊዜ ያዳልጣል። እዚያ ጋሪ ማስገባት ማሳውን መቍረጥ ነውና ጭነቱ በሰው ትከሻና በጋማ ከብት ጀርባ ቀረ። (ከሰውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የበዛው ሸክም የሴቶች ነው።)

አንድ አህያ በጀርባው የሚችለው ሦስት ፈረሱላ ያህል፣ ማለት ከ50 ኪሎ ግራም ብዙ ያልራቀ ነው፤ በደልዳላ መንገድ ጋሪ ቢስብ ግን የዚህን ብዙ እጥፍ ይወስዳል። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደው አውራ ጐዳና በዲላ ስለሚያልፍ፣ ከተማይቱ የሁለቱ አሠራሮች መገናኛ ሆነች፤ ከላይ የጀርባ ጭነት፣ ከታች መንኰራኵር።

ለእንስሳው ግን ለውጡ ዕረፍት አልሆነም። ጀርባውን ያቈስል የነበረው ጭነት ቢነሣለት፣ በገመድና በጨርቅ የተበጀው መሳቢያ ደረቱን ይልጠዋል። በ2014 ዓ.ም. የታተመ የዘር ጥናት አህያ ከ7,000 ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ እንደ ተላመደ ያመለክታል። ይህን ያህል ዘመን ያገለገለን ፍጡር ስሙን ለስድብ ብቻ ማዋላችን ያስገርማል፤ በመሳቢያው አሠራር ላይ የተደረገው ምርምርም እስከ ዛሬ ከአገልግሎቱ ጋራ የሚመጣጠን አይደለም።