የወርቃማው ካሜራ ታሪክ

የታሪክና የፎቶግራፍ ክበብ ተማሪዎች እንደ ጻፉት



ታሪክ የሚገኘው በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ነገር ግን አንድ አሮጌ ዕቃ በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ማን እንደ ሠራው፣ መቼ እንደ ተሠራና በማን እጅ እንዳለፈ በትዕግሥት ቢመረመር እንደ መጽሐፍ ይነበባል። አንዳንድ ጊዜም እንደ ሐሰተኛ ምስክር ይዋሻል። በዚህ ዓመት ክበባችንን የገጠመው እንዲህ ያለ ምስክር ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልንነግራችሁ ወደድን። በጽሑፋችን የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የትምህርት ቤታችን የወርቅ ኢዮቤልዩ እንደሚከበር በተሰማ ጊዜ፣ ከአባሎቻችን የአንዱ አያት «ለወርቅ በዓል የወርቅ ዕቃ ይገባል» ብለው አንድ ካሜራ ላኩልን። እኒህ አባት በወጣትነታቸው ወደ ሶቪየት ኅብረት ለትምህርት ከተላኩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ሲሆኑ፣ በዩክሬን አገር በካርኮቭ ከተማ ስድስት ዓመት ተምረዋል። በ1990 ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ ካሜራውን ከእሑድ ገበያ ገዙት። ሻጩም የጀርመን አየር ኀይል መኰንን ንብረት የነበረ ሌይካ ነው ብሎ ስለ ነገራቸው፣ ከቀራቸው የተማሪ ገንዘብ አብዛኛውን ከፈሉበት። ከዚያ ወዲህ በሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ኖረ። አሁን ግን በበዓሉ ቀን በጨረታ ተሸጦ ገንዘቡ ለቤተ መጻሕፍታችን መጻሕፍት መግዣ እንዲሆን ፈቀዱ።

ካሜራው ሲታይ በእውነት ያምራል። ከመዳፍ ብዙ አይበልጥም። ብረቱ ሁሉ እንደ ወርቅ ቢጫ ነው፤ ጐኑ ቡናማ ቆዳ ለብሷል። ሌንሱ እንደ ቧንቧ ተስቦ ይወጣል፤ ሲጨርሱም ተመልሶ ይገባል። በአናቱ ላይ «ሌይካ» የሚል ጽሕፈትና ቍጥር፣ ክንፉን የዘረጋ ንስር፣ እንዲሁም በጀርመንኛ «የአየር ኀይል ንብረት» የሚል ቃል ተቀርጾበታል።

ሁላችንም ደስ ብሎን ሳለ መምህራችን፣ «ጨረታ ከመውጣቱ በፊት የምንሸጠውን ማወቅ አለብን፤ ገዢው ይጠይቀናልና» አሉን። ምርመራው የተጀመረው በዚህ ቃል ነው።

ሌይካ ምንድን ነው?

በጀርመን አገር በቬትስላር ከተማ የኤርንስት ላይትስ የማይክሮስኮፕ ፋብሪካ ነበር። በዚያ የሚሠራው ኦስካር ባርናክ የሚባል መሐንዲስ፣ የዚያን ዘመን ካሜራ እጅግ ከባድ ስለ ነበር በሲኒማ ፊልም የሚሠራና በኪስ የሚያዝ ትንሽ ካሜራ አሰበ። የመጀመሪያውን ናሙና በ1914 ገደማ አበጀ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሥራውን ስላዘገየው ካሜራው ለገበያ የቀረበው በ1925 ነው። ሌይካ የሚለውም ስም «ላይትስ» እና «ካሜራ» ከሚሉት ቃላት መጀመሪያ የተውጣጣ ነው።

የመጀመሪያው ሌይካ ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። ፎቶግራፍ አንሺው ርቀቱን በዐይኑ ገምቶ ሌንሱን ያስተካክላል፤ ግምቱ ከተሳሳተ ሥዕሉ ይደበዝዛል። በ1932 የወጣው ሁለተኛው ሌይካ ይህን ጉድለት አስወገደ። ሬንጅፋይንደር የሚባል የርቀት መመጠኛ በአናቱ ውስጥ ተሠርቶለት ከሌንሱ ጋር ተያያዘ።

የመመጠኛው አሠራር ለመረዳት አያስቸግርም። አንድ ጣት ከፊታችሁ አቁማችሁ አንድ ዐይን በተራ ብትጨፍኑ፣ ጣቱ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚዘል ይመስላችኋል። ጣቱ ሲቀርብ ዝላዩ ይበዛል፤ ሲርቅ ያንሳል። ካሜራውም 4 ሴንቲ ሜትር ያህል የተራራቁ ሁለት ትንንሽ መስኮቶች አሉት። በእነዚህ በኩል የገቡት ሁለት ምስሎች በአንድ ማያ ውስጥ ተደርበው ይታያሉ። ሌንሱ ሲዞር በውስጥ ያለውን ክንድ ይገፋል፤ ክንዱም አንዱን ምስል ያንቀሳቅሳል። ሁለቱ ምስሎች አንድ በሆኑ ጊዜ ርቀቱ ልክ ነው ማለት ነው። አንባቢዎቻችን ይህን ክንድ እንዳይረሱት እንለምናለን፤ በኋላ ዋናው ምስክራችን እርሱ ነውና።

ምርመራው

በመጀመሪያ ስለ ወርቁ ጠየቅን። ላይትስ በ1929 እና በተከታዮቹ ዓመታት በወርቅ የተለበጡ ሌይካዎች መሥራቱ እውነት ነው፤ ቍጥራቸው ግን መቶ አይሞላም፤ ዓይነታቸውም ርቀት መመጠኛ የሌለው የመጀመሪያው ሌይካ ነው። የእኛው ካሜራ መመጠኛ አለው።

ቀጥለን ስለ ንስሩ ጠየቅን። የጀርመን አየር ኀይል በሌይካ መጠቀሙ እውነት ነው፤ ነገር ግን በእርሱ ምልክት ከሚታወቁት እውነተኛ ካሜራዎች አብዛኞቹ በ1940 የወጣው «ሦስት ሲ» የሚባለው ዓይነት ናቸው። ይህ ዓይነት በፊቱ ላይ ለዝግተኛ ፍጥነቶች የሚያገለግል ትንሽ ማዞሪያ አለው። በእኛው ካሜራ ፊት ላይ ማዞሪያ የለም።

ሦስተኛውን ጥያቄ ሌንሱ አመጣ። በእነዚያ ዓመታት የጀርመን ሌንሶች የትኵረት ርቀታቸው የሚጻፍባቸው በሴንቲ ሜትር ነበር፤ የሌይካው ኤልማር ሌንስም «5 ሴንቲ ሜትር» ይላል። በእኛው ላይ ኤልማር የሚለው ስም ቢኖርም ርቀቱ የተጻፈው «50 ሚሊ ሜትር» ተብሎ ነው። ልኩ አንድ ቢሆንም አጻጻፉ ግን የሌላ እጅ ነው።

በዚህ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ጠንካራ ክርክር አነሣ። በአናቱ ላይ ያለው ቍጥር የመጀመሪያው ሌይካ ይሠራበት ከነበረው ዘመን ጋር ይስማማል። የላይትስ ፋብሪካም ደንበኞቹ አሮጌውን ካሜራ መልሰው ሲልኩለት መመጠኛ እየጨመረ፣ የቀድሞ ቍጥሩን እንዳለ ትቶ ይመልስላቸው ነበር። እንግዲያውስ ይህ በፋብሪካው የታደሰ እውነተኛ የወርቅ ሌይካ፣ ንስሩም በኋላ የተጨመረበት፣ ሌንሱም የተለወጠ ቢሆንስ? ክርክሩ ትክክለኛ ስለ ነበር መልስ እስክናገኝለት ድረስ ፍርድ አልሰጠንም። የተለወጠ ዕቃ ሁሉ ሐሰተኛ አይደለምና።

መልሱን ያገኘነው በፒያሳ ለብዙ ዘመን ካሜራ ሲጠግኑ ከኖሩ አንድ አባት ነው። ካሜራውን ተቀብለው አናቱን እንኳ ሳያዩ ሌንሱን ፈትተው አወጡትና በቀዳዳው ውስጥ ያለውን ክንድ አሳዩን። «የሌይካ ክንድ ጫፉ ላይ እንደ መንኰራኵር የምትዞር ክብ ነገር አለችው። ይህ ግን የማይዞር ጠፍጣፋ ጥርስ ነው፤ የሩስያ ሥራ ነው» አሉን። በሱቃቸው የነበረ አንድ እውነተኛ ሌይካ ከፍተው ሲያሳዩን ልዩነቱ በግልጽ ታየ።

ለምን አናቱን እንዳልተመለከቱ ብንጠይቃቸው፣ «አታላይ የሚደክመው ገዢ በሚያየው ቦታ ነው፤ እናንተ ግን ገዢ የማያየውን እዩ» ብለው መለሱልን። በእርግጥም ስምና ንስር መቅረጽ የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው። በውስጥ ያለውን መሣሪያ መለወጥ ግን ከትርፉ የሚበልጥ ወጪ አለው። ወርቅ ያልነውም የላይ ቀለሙ ተነሥቶለት የተወለወለ ናስ ሆኖ ተገኘ።

«ቀ» የምትመስለው ፊደል

ወደ ትምህርት ቤት ተመልሰን ካሜራውን በጨለማ ክፍል ውስጥ በአንድ ጐን ብቻ በሚያበራ መብራት አየነው። «ሌይካ» ከሚለው ጽሕፈት ሥር የተፋቀ የሌላ ጽሕፈት ጥላ ተገለጠ፤ ከአንድ መስመር በላይ ነበር። ከፊደሎቹ ደኅና ሆና የምትታየው አንዲት ብቻ ናት። ከታናናሾቻችን አንዷ፣ «ይህቺ እኮ የእኛ ቀ ናት!» ብላ ጮኸች። እውነትም ክብ ሆና ቀጥ ያለ መስመር መካከሏን ያልፍ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስንጽፍ እናፍራለን፤ ሆኖም መሸሸግ አይገባንም። ከመካከላችን አንዳንዶቹ፣ «ዝም እንበል፤ ካሜራው ያምራል፤ ገንዘቡም ለመጻሕፍት ነው፤ ሽማግሌውንም አናሳዝን» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ፣ ታሪክ እንማራለን እያልን ሐሰት የምንሸጥ ከሆነ የምንገዛቸው መጻሕፍት ምን ይጠቅሙናል ብለን ተከራከርን። በመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከመምህራችን ጋር ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድን።

ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው እስኪቀዳ ድረስ የሚናገር ጠፋ። በኋላ ያችው ታናሻችን ተነሥታ፣ «አባባ፣ ይህችን ፊደል ሊያዩልን ይችላሉ? ቀ ትመስላለች» አለቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወደ መስኮቱ አዘንብለው ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። «ቀ አይደለችም ልጄ፤ የሩስያ ፊደል ናት፤ ኤፍ ትባላለች» አሉ። ከዚያም ጣታቸውን በጥላው ላይ እያሳለፉ፣ «ፌድ... ካርኮቭ» ብለው አነበቡ። እጅግ ዝም አሉ። በመጨረሻ፣ «ስድስት ዓመት በዚያች ከተማ ስኖር የፌድን ፋብሪካ የማያውቅ ሰው አላየሁም። የጀርመን ነው ብዬ የገዛሁት የካርኮቭን ዕቃ በካርኮቭ ነው ለካ!» ብለው ሳቁ። እኛ ግን ለመሳቅ አልደፈርንም።

ቀጥለውም፣ «እንግዲህ የሠሩትን ሰዎች ታሪክ ጻፉ» አሉን። የሚከተለው የእርሳቸውን ትእዛዝ ለመፈጸም የተጻፈ ነው።

የካርኮቭ ልጆች

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ከሩስያ አብዮትና ከርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በሶቪየት ምድር እጅግ ብዙ ልጆች ወላጆቻቸውን አጥተው በየመንገዱና በየባቡር ጣቢያው ይንከራተቱ ነበር። በ1927 መጨረሻ በካርኮቭ አጠገብ ለእንደነዚህ ያሉ ልጆች አንድ የሥራ ማኅበር ተከፈተ። ስሙም የሶቪየት ምስጢራዊ ፖሊስ መሥራች በነበረው በፌሊክስ ኤድሙንዶቪች ድዘርዢንስኪ ተሰየመ። «ፌድ» ማለት የዚህ ሰው ስም የመጀመሪያ ፊደሎች ናቸው። ማኅበሩን የመራው በአስተማሪነቱና በመጻሕፍቱ በዓለም የታወቀው አንቶን ማካሬንኮ ነው። ልጆቹ ከቀኑ ከፊሉን ይማራሉ፤ ከፊሉን በፋብሪካ ይሠራሉ። መጀመሪያ የኤሌክትሪክ መብሻ መሣሪያ ሠሩ። በ1932 ከሌይካ ናሙና ወስደው የመጀመሪያዎቹን ካሜራዎች ሞከሩ፤ ከ1934 ጀምሮም ለገበያ አወጡ።

ይህ ታሪክ ብርሃን ብቻ አይደለም። ማኅበሩ የነበረው በፖሊሱ መሥሪያ ቤት ሥር ነው፤ ያ መሥሪያ ቤት ደግሞ በ1930ዎቹ ዓመታት እጅግ ብዙ ንጹሐን ሰዎችን አስሯል፣ ገድሏል። ካሜራውንም ያለ ላይትስ ፈቃድ ነው የቀዱት። ቢሆንም መጠጊያ ያልነበራቸው ወጣቶች በጣም ረቂቅ የሆነውን የጀርመን መሣሪያ ፈትተው፣ ለክተውና መልሰው መሥራታቸው ሊካድ አይችልም። በአናቱም ላይ የራሳቸውን ማኅበርና የከተማቸውን ስም በብዙ መስመር ቀረጹ። በካሜራችን ላይ ያየነው የተፋቀ ጥላ እንደዚያ ያለ የብዙ መስመር ጽሕፈት ስለ ሆነ፣ ካሜራው ከጦርነቱ በፊት እንደ ተሠራ ያመለክታል።

ከጊዜ በኋላ ማኅበሩ ወደ ተራ ፋብሪካነት ተለወጠ። በ1941 ጀርመኖች ካርኮቭን ሲይዙ ሥራው ተቋረጠ፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን እንደገና ተጀመረ። ከ1948 ጀምሮም ይኸው ዓይነት ካሜራ በሞስኮ አጠገብ በክራስኖጎርስክ «ዞርኪ» ተብሎ ይሠራ ነበር። ብዛታቸው እጅግ ስለ ነበር ዋጋቸው ረከሰ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ የምሥራቅ ኤውሮፓ ገበያ ለውጭ አገር ሰው በተከፈተ ጊዜ፣ አታላዮች ፌድንና ዞርኪን እየፋቁ፣ ስምና ንስር እየቀረጹ ሌይካ ነው እያሉ ሸጡ። የእኛው አባት ካሜራ ከእነዚህ አንዱ ነው። ዛሬ ካርኪቭ የምትባለው ያች ከተማ ከ2022 ጀምሮ እንደገና የጦርነት መከራ ደርሶባታል።

የተማርነው

በመቅዳትና በማታለል መካከል ልዩነት አለ። የካርኮቭ ልጆች የሌላውን አሠራር ቀዱ፤ ነገር ግን የራሳቸውን ስም ጻፉበት። አታላዩ ምንም ሳይሠራ የእነርሱን ስም ፍቆ የሌላውን ስም ጻፈ። ካሜራው የተዋረደው ርካሽ በመሆኑ አይደለም፤ ስሙን በመነጠቁ ነው። የታሪክ ተማሪም ሥራው ለተፋቀው ስም ባለቤቱን መፈለግ ነው።

ካሜራው ለጨረታ አልቀረበም፤ ሊገዙ የታሰቡትም መጻሕፍት በዚህ ዓመት አልተገዙም። ይህ ኪሳራ ነው፤ እኛም በሌላ መንገድ ገንዘቡን ለማሰባሰብ ቃል ገብተናል። ካሜራው ግን በቤተ መጻሕፍታችን መስተዋት ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ከሥሩም «ፌድ፤ በካርኮቭ ተሠራ፤ በኋላ ሰዎች ስሙን ፍቀው ሌይካ አሉት» ተብሎ ተጽፏል።

ወደ ሣጥኑ ከመግባቱ በፊት የፊልሙን ጫፍ እንደ ጥንቱ አሠራር በመቀስ አስረዝመን ቈርጠን በሥሩ በኩል አጐረስነው። መዝጊያው አሁንም ይሠራል። ሁለቱን ምስሎች አንድ አድርገን መጀመሪያ ያነሣነው የለገሱንን አባት ነው፤ ፊታቸውም ጥርት ብሎ ወጣ።