የመስኖ ፓምፕ አየር ሲስብ ምን ይደረጋል?

ሞተሩ በሚገባ እየሠራ ውሃው የሚቆራረጥ ከሆነ፣ አንዱ ምክንያት በመሳቢያ ቱቦው በኩል አየር መግባቱ ነው። ቀዳዳው አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ ውሃ ስለማያንጠባጥብ በቀላሉ አይታይም።

በቅድሚያ የቱቦው ጫፍ በውሃው ውስጥ በሚገባ መጥለቁ ይረጋገጣል። ቀጥሎም ፓምፑ እየሠራ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ውሃ ይፈስሳል፤ የፓምፑ ፍሰት ከተስተካከለ አየር የሚገባው በዚያው ነው። ከዚያም ሞተሩን አጥፍቶ ማሰሪያውን ማጥበቅ፣ ያረጀውን ጎሚኒ መለወጥ ወይም የተሰነጠቀውን የቱቦ ክፍል ቆርጦ ማውጣት ይገባል።

ቀዳዳ ካልተገኘ፣ ፓምፑን ወደ ውሃው ዝቅ አድርጎ መትከል ይበጃል፤ በባሕር ጠለል 10 ሜትር ገደማ የሆነው የመሳብ ወሰን በደጋ አካባቢ ይቀንሳልና።

ፓምፑ ውሃ ሳይዝ ከዞረ የውስጥ ክፍሎቹ በሙቀት ይጎዳሉ። ስለዚህ ፍሰቱ እንደተቋረጠ ሞተሩን ማጥፋት፣ ዳግም ከማስነሳት በፊትም ፓምፑን በውሃ መሙላት ያስፈልጋል።