መርቆሬዎስ ፈረንጁ፦ ጎጃም ላይ አሻራው የቀረ የቬኒስ ሠዓሊ

የኢጣሊያ ሬኔሳንስ ሲባል ፍሎረንስ፣ ሮም፣ ማይክል አንጄሎ ይመጡብናል። ጎጃም ግን ለማንም አይመጣበትም። እኔ ቡሬ ነው ያደግኩት። በትምህርት ቤት የታሪክ ክፍለ ጊዜም ሆነ በሰፈር ወሬ ሁለቱን አንድ ላይ ያነሣ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሚላን ውስጥ በሚሠራበት ዘመን፣ አንድ የቬኒስ ሰው እዚህ አገር ለነገሥታትና ለአብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ይሥል ነበር። ስሙ ኒኮሎ ብራንካሌዮን ይባላል። እዚህ የወጣለት ስም ደግሞ መርቆሬዎስ ነው።

ብራንካሌዮን የመጣው በ1480 አካባቢ፣ በዐፄ እስክንድር ዘመን ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዐፄ ናዖድን አልፎ እስከ ዐፄ ልብነ ድንግል ድረስ ቆየ። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ በቤተ መንግሥቱ አካባቢ አግኝቶታል። አልቫሬስን የገረመው ሰውየው ሠዓሊ ሆኖ ሳለ እንደ ትልቅ ሰው መከበሩ ነው። በዚያ ጊዜ በብዙ የአውሮፓ ከተሞች ሠዓሊ ማለት እንደ አናጢና እንደ አንጥረኛ ያለ የእጅ ባለሙያ ነበር። እዚህ ግን ርስትና ጭፍራ ያለው ባለጸጋ ሆነ።

እንዴት መጣ የሚለው ጥያቄ ወደ ኋላ ይመልሰናል። ብዙ ጊዜ የሚነገረን ታሪክ ፈረንጆች መጥተው አስተማሩን የሚል ነው። ሰነዶቹ ግን ሌላ ነገር ያሳያሉ። በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ቬኒስ ደርሰዋል፤ መሪያቸው አንቶኒዮ ባርቶሊ የሚባል የፍሎረንስ ሰው ሲሆን፣ ለከተማዋ ገዢዎች በስጦታ ከያዙት መካከል አራት ነብሮች ነበሩ። የታሪክ ተመራማሪዋ ቬሬና ክሬብስ በ2021 ባወጣችው መጽሐፍ የእነዚህን መልእክተኞች ጉዞ አንድ በአንድ ተከታትላለች። የደረሰችበት መደምደሚያ ግልጽ ነው፦ ነገሥታቱ በዋናነት የፈለጉት የጦር መሣሪያ አልነበረም። የቅዱሳን ዐፅም፣ ንዋያተ ቅድሳት፣ ለሚያሠሯቸው አብያተ ክርስቲያናት የሚሆኑ የእጅ ባለሙያዎች ነበር። ጠያቂው፣ መራጩ፣ አዛዡ የእኛ ወገን ነው።

መንገዱም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ አልነበረም። በ1441 ከኢየሩሳሌም የተነሡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፍሎረንስ ላይ ጉባኤ ገብተዋል። ሮም፣ ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ብትሄዱ፣ ፊላሬቴ በ1445 በጨረሰው የነሐስ በር ላይ ተቀርጸው ታገኟቸዋላችሁ። ብዙ ቱሪስት በዚያ በር አጠገብ ያልፋል፤ ስንቱ ልብ ብሎ እንደሚያያቸው እንጃ።

ወደ ብራንካሌዮን እንመለስ። ስለ እሱ በጣም የሚታወቀው ታሪክ የጠብ ታሪክ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እንደጻፈው፣ በአትሮንሰ ማርያም እመቤታችንን ሕፃኑን በግራ ክንዷ ይዛ ሣላት፤ ይህን ያዩ ሰዎችም ተቆጡ። ለምን እንደሆነ ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። ለእንግዳ ውኃ በግራ እጅ አይሰጥም፤ ጉርሻም በግራ እጅ አይጎረስም። ታዲያ አምላክ በግራ ይታቀፋል? ለጣሊያኑ ግን ይህ የተለመደ አሣሣል ነበር፤ ከቢዛንታይን የወረሱት ነው። ሰውየው ድፍረት አላሰበም፤ ሕዝቡም ሥዕል ጠልቶ አይደለም። ሁለቱም እጅ ላይ ያነበቡት ትርጉም ተለያየ እንጂ። ንጉሡ ግን ሥዕሉን አላስነሣም፤ ብሩስ እንደሚለው ረጅም ዘመን እዚያው ቆይቷል።

እኔን የሚስበኝ ግን ከጠቡ በኋላ ያለው ነው። ብራንካሌዮን አገሩ አልተመለሰም። በዚያን ጊዜ ወደ ቤተ መንግሥቱ የገባ የውጭ ሰው እንዲወጣ ብዙም አይፈቀድለትም ነበር፤ ከፖርቱጋል የመጣው ፔሮ ዳ ኮቪልያም እንዲሁ እዚሁ ነው የቀረው። ብራንካሌዮን በነጭ በተለሰነ ጣውላ ላይ ሣለ፤ እንደ መስኮት የሚከፈቱ ባለ ሦስት ሳንቃ ሥዕሎች ሠራ። ሥዕሎቹም በግዕዝ ተጻፈባቸው። ፊቶቹ ላይ ቬኒስ ይታያል፤ ጽሑፉ፣ የቅዱሳኑ አመራረጥ፣ የሥዕሉ አገልግሎት ግን የዚህ አገር ነው። አገሩን ቀየረው ከማለት፣ አገሩ እሱን ቀየረው ማለት ይቀላል።

ጎጃም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዳያና ስፔንሰር የተባለች ተመራማሪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቅዱስ ሉቃስ ሣላቸው የሚባሉ የእመቤታችን ሥዕሎችን ፍለጋ የጎጃምን ገዳማትና አድባራት ዞራለች። በ1974 የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ባወጣችው ጽሑፍ ርዕስ ላይ ጎጃምና «እንደገና የተገኘው ብራንካሌዮን» አብረው ተቀምጠዋል። ሉቃስን ፍለጋ ሄዳ መርቆሬዎስን አገኘች። ዋፋ ኢየሱስ በተባለ የጎጃም ቤተ ክርስቲያን የእሱ ሥራ የሆነ፣ ስሙም ያለበት ባለ ሥዕል ብራና ነበር።

በሙያዬ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። እኛ ጊት የሚባል መሣሪያ አለን፤ እያንዳንዱን የኮድ መስመር ማን፣ መቼ እንደጻፈው ይመዘግባል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ይህ መዝገብ ብዙ ጊዜ የለም። ሠዓሊው ስሙን አይጽፍም፤ ሥራው ለእግዚአብሔር ነው። ለዚህ ነው ስም የተገኘ ጊዜ ነገሩ ትልቅ የሚሆነው። ከብራንካሌዮን በፊት፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የሠራው ፍሬ ጽዮንም በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ባለ ሥዕል ላይ ስሙ በመገኘቱ ነው ያወቅነው። የፍሬ ጽዮን ሥዕሎች ላይ ምሁራን የኢጣሊያ አሣሣል ይታያቸዋል። እሱ ግን የዚሁ አገር መነኩሴ ነው፤ አይቶ፣ መርጦ፣ የራሱ አደረገው። የጎጃም የቅኔ ተማሪም እንዲሁ ነው፤ የመምህሩን መንገድ ይወስዳል፣ የተነገረ ቅኔ ደግሞ ከዘረፈ ግን ይናቃል።

ሌላም ምሳሌ አለ። ብዙዎቻችን የምናውቃት፣ እጆቿን አመሳቅላ ልጇን የያዘችው የእመቤታችን ሥዕል ምንጯ ሮም፣ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ነው። ቅጂዋን ያመጡት ኢየሱሳውያን ናቸው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1630ዎቹ እነሱን አባረረ፤ ሥዕሏ ግን ቀረች፤ በሐበሻ እጅ ስትሣል ስትሣል የእኛ ሆነች።

ይህን ሁሉ የምናገኘው ግን የት ነው? በታኅሣሥ 2023 ባልቲሞር በሚገኘው ዎልተርስ ሙዚየም ኢትዮጵያን ከውጭው ዓለም ጋር ባላት የሥነ ጥበብ ግንኙነት የሚያሳይ ትልቅ ዐውደ ርእይ ተከፈተ። በዚያው ወር አማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ነበር። ቡሬ ያለ ወጣት ዐውደ ርእዩን ቀርቶ ፎቶውን እንኳ በስልኩ የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። መጻሕፍቱም ቢሆኑ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ዋጋቸው ደግሞ የወር ደመወዝ ይፈታተናል።

የሙያ ጓደኞቼ መፍትሔው ቀላል ይመስላቸዋል፦ ፎቶ አንሥቶ ኦንላይን መጫን ነው ይላሉ። እኔ ግን እጠራጠራለሁ። የትኛው ቤተ ክርስቲያን ምን እንዳለው በካርታ ላይ ማውጣት ለሌባ አድራሻ መስጠት ነው። ካህናቱ ዕቃ ቤቱን የሚቆልፉት ኋላ ቀር ስለሆኑ አይደለም፤ ብዙ ብራናና ብዙ ሥዕል ከአገር ሲወጣ ያየ ሕዝብ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ያልተመዘገበ ነገር ቢሰረቅ ወይም በጦርነት ቢቃጠል፣ እንደነበረ እንኳ ማስረጃ አይኖርም። ስለዚህ ሁለት መዝገብ ያስፈልጋል፦ ቦታን የማይናገር፣ ለሁላችንም የተከፈተ አንድ፤ ሙሉ ዝርዝር የያዘ፣ በቤተ ክርስቲያኗና በሚመለከታቸው እጅ ብቻ የሚቀመጥ ሌላ። ይህ በቴክኒክ ከባድ ሥራ አይደለም። ከባዱ መተማመኑ ነው። እሱም በኮድ አይጻፍም፤ ከቄሰ ገበዙ ጋር ቁጭ ብሎ በመነጋገር ይመጣል።

እስከዚያው አዲስ አበባ የምትኖሩ ወይም የምታልፉ ካላችሁ፣ ስድስት ኪሎ ግቡ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ፣ የጥንት ሥዕሎቹ ክፍል አለ፤ የብራንካሌዮንም ሥራ በስብስቡ ይገኛል። ስትቆሙ መጀመሪያ ፊቱን ሳይሆን ጽሑፉን እዩ። ግዕዝ ነው።