የመኪና በር ደፍ የኤልኢዲ መብራት

የመኪና በር ደፍ የኤልኢዲ መብራት በሩ ሲከፈት የሚበራ፣ ሲዘጋ የሚጠፋ ጌጥ ነው። የሚገጠመው ከበሩ ሥር ባለው የደፍ ሽፋን ላይ ወይም ከሥሩ ነው። እንደ ሮልስ ሮይስ ባሉ ውድ መኪኖች ከፋብሪካው ተገጥሞ ሊመጣ ይችላል፤ በሌሎች ላይ ጋራዥ ውስጥ ይጨመራል።

አመጣጥ

የብርሃኑን ምንጭ ኤልኢዲን ማን እንደፈጠረው ያከራክራል። ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው አሜሪካዊው ኒክ ሆሎኒያክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 በጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ሠርቷል። ይሁን እንጂ እንግሊዛዊው ሄንሪ ራውንድ በ1907 ኤሌክትሪክ ያለፈበት የሲሊከን ካርባይድ ክሪስታል እንደሚያበራ አስታውቆ ነበር። ሩሲያዊው ኦሌግ ሎሴቭ ደግሞ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ይህንኑ ብርሃን በተከታታይ አጥንቶ ጽሑፎች አሳትሟል። በ1942 በተከበበችው ሌኒንግራድ በረሃብ የሞተው ይህ ተመራማሪ የሚገባውን ያህል አልተመሰገነም። ሰማያዊውና ነጩ የመጡት ዘግይተው ነው፤ የተለመደው ነጭ ኤልኢዲ ራሱ ቢጫ ፎስፈር የተቀባ ሰማያዊ ነው። ደማቁን ሰማያዊ እውን ያደረጉት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል።

አገጣጠም

የተለመደው ባለ12 ቮልት የኤልኢዲ ጥቅል የሚቆረጠው ምልክት በተደረገበት ቦታ ብቻ ነው። ከበሩ ጋር አብሮ እንዲበራ ከጣሪያው መብራት መስመር ጋር ይያያዛል። በብዙ የቆዩ የጃፓን መኪኖች የበሩ ማብሪያ የሚያገናኘው ኔጌቲቩን ነው፤ ስለዚህ የጥቅሉ ፖዘቲቭ በፊውዝ በኩል ሁልጊዜ ኃይል ካለው ሽቦ፣ ኔጌቲቩ ከማብሪያው ሽቦ ይገናኛል። በአዳዲሶቹ ላይ መብራቱን የሚያዘው ኮምፒውተር ስለሆነ የመኪናውን የሽቦ ንድፍ ሳያዩ መንካት አይገባም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ግን ከደፉ ሽፋን ሥር የሚያልፈው የሽቦ ጥቅል ነው። በብዙ መኪኖች የጎን ኤርባግና የመቀመጫ ቀበቶ ማጥበቂያ ሽቦዎች በዚያ ያልፋሉ፤ ማያያዣቸውም አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ነው። ከእነዚህ ኃይል መውሰድም ሆነ በመፈተሻ አምፖል መንካት ኤርባጉን ሊያፈነዳ፣ ወይም በአደጋ ጊዜ እንዳይሠራ ሊያደርግ ይችላል። ሽፋኑ ከመነሣቱ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቅሎ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ደፉ ጭቃና ውሃ ስለማያጣው በሲሊኮን የተሸፈነ ጥቅል ይመረጣል። የሚለጠፍበት ቦታ በአልኮል ካልጸዳ ቶሎ ይላቀቃል።

ሕግ

ደንቡ ከአገር አገር ይለያያል። በብሪታንያ ወደ ፊት የሚታይ ቀይ መብራት በጥቅሉ ክልክል ነው።