ከአንዲት የሻይ በራድ የተገኘ ትምህርት

የቤት ዕቃን በኮምፒዩተር በሦስት አውታር መቅረጽ የሚማር ጀማሪ ዛሬ ሥራውን የሚጀምረው በቀጥታ ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ ነው። የሙያው ቀደምት ሠራተኞች ግን ከመለኪያና ከእርሳስ ነበር የተነሡት።

በአሜሪካ በሚገኘው የዩታ ዩኒቨርስቲ ኢቫን ሰዘርላንድና ተማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1972 የአንዲት ፎልክስዋገን አውቶሞቢልን አካል በእጅ እየለኩ ነጥብ በነጥብ መዘገቡ። በዚያው ዩኒቨርስቲ ማርቲን ኒውዌል የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ለሙከራ የሚሆን ዕቃ ሲፈልግ፣ ባለቤቱ ሳንድራ የቤታቸውን የሻይ ዕቃ እንዲቀርጽ አሳሰበችው። እርሱም በራዷን እያየ በግራፍ ወረቀት ላይ በእርሳስ ነደፋት፤ ከንድፉም ነጥቦችን ለይቶ ወደ ኮምፒዩተር አስገባ። ነጥቦቹ የሬኖ መሐንዲስ የነበረው ፈረንሳዊው ፒየር ቤዚየር ባስፋፋው የስሌት ዘዴ ተያይዘው 28 ጥምዝ ገጾችን አስገኙ። ስትቀመጥ የማይታየው የበራዷ መቀመጫ ግን በዚህ ቅርጽ ውስጥ አልነበረም፤ በኋላ ሲጨመር ገጾቹ 32 ሆኑ።

በራዷ ለሙከራ የተመቸችው በቅርጿ ምክንያት ነው። ሆዷ ክብ ነው፤ እጀታዋ ክፍተት አለው፤ የእጀታዋና የመቅጃ አፏ ጥላም በገዛ አካሏ ላይ ያርፋል። ስለዚህ አዲስ የብርሃን ስሌት የፈለሰፈ ሁሉ ውጤቱን በእርስዋ ይፈትን ጀመር። እውነተኛዋ በራድም በካሊፎርኒያ በሚገኘው የኮምፒዩተር ታሪክ ሙዚየም እጅ ገብታለች።

እንግዲህ ጀማሪው አስቀድሞ አንድ ስኒ በማስመሪያ ይለካ፤ ጎኑንም በወረቀት ይንደፍ። ነጥቦቹን ኮምፒዩተሩ ያያይዝለታል፤ የትኞቹ ነጥቦች ለቅርጹ እንደሚበቁ መለየት ግን የራሱ የሠራተኛው ድርሻ ነው።